«ተለያዩ» ለሚል ድምፅ የሚሰጥ መልስ

ወጣቶችን ከዘረኝነት ስለ መጠበቅ፤ ለምእመናን፣ ለወጣቶች ማኅበራትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



በየቁምስናችን የሚሰበሰቡትን ወጣቶች «ሰው በማን አርአያ ተፈጠረ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳይሳሳቱ ይመልሱልናል። ትምህርቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ ብዙዎቹም ጥቅሱን በቃላቸው ያውቁታል። ይሁን እንጂ ያው ወጣት ከስብሰባው ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀላቀል ስለ ሌላው ወገን የሚናገረው ቃል፣ በስልኩ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፈው ወሬ፣ ለባልንጀርነትም ሆነ ለጋብቻ ሰውን የሚመርጥበት መመዘኛ ከተማረው ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለ። ትምህርቱ በአእምሮው ተቀምጧል፤ በኑሮው ግን ገና ሥር አልሰደደም።

ይህ ጥናት የሚነሣው ከዚህ ነው። ዘረኝነት ኃጢአት መሆኑን ለወጣቶች መንገር ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አንድ ቀን «እናንተ ወዲህ፣ እነዚያ ወዲያ፤ ተለያዩ» የሚል ድምፅ ሲመጣ እንቢ ለማለት የሚያበቃቸው ልማድ አስቀድሞ ሊኖራቸው ይገባል። እንዲህ ያለው ልማድ በአደጋው ሰዓት በድንገት አይገኝም፤ በሰላሙ ጊዜ በትንንሽ ነገሮች ሲለመድ የሚገኝ ነው። ይህን ለማስረዳት በሁለት የአፍሪቃ አገሮች፣ በሩዋንዳና በቡሩንዲ፣ የተፈጸመውን ታሪክ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።

የምንከተለው መንገድ ለካቶሊክ ወጣቶች ማኅበራት አዲስ አይደለም። በቤልጅግ አገር የወጣት ክርስቲያን ሠራተኞችን ማኅበር የመሠረቱት፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ዮሴፍ ካርዳይን ወጣቶቻቸውን በሦስት እርምጃዎች ያሠለጥኑ ነበር፤ እነርሱም ማየት፣ መመዘንና ማድረግ ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም በ1961 «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ መንገድ ወጣቶች እንዲማሩትና እንዲሠሩበት አደራ ብለዋል።

1. ዘረኝነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ወገንን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ሰው የተወለደበትን ቀዬ፣ አፉን የፈታበትን ቋንቋ፣ የአባቶቹን ዜማና ሥርዓት ቢወድ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ አያሳዝንም። በበዓለ ጰራቅሊጦስ መንፈስ ቅዱስ የሰዎችን ልዩ ልዩ ቋንቋ አላጠፋም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ ሰማ (የሐዋ. 2፥6-11)። ዘረኝነት የሚጀምረው የአንድን ሰው ዋጋና መብት በትውልዱ ወይም በቆዳው ቀለም ስንወስን፣ አንዱ የሠራውን በደል በወገኑ ሁሉ ላይ ስንጭን፣ የሌላውን ሞት ከራሳችን ወገን ሞት አሳንሰን ስናይ ነው።

የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ኮሚሽን በ1988 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘረኝነት ባዘጋጀው ሰነድ ይህ ክፋት ብዙ መልክ እንዳለው አስረድቷል። በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪቃ እንደ ነበረው በሕግ የተደነገገ የቀለም ልዩነት አለ፤ በአንድ አገር የሚኖሩ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው የሚናናቁበትና የሚገፋፉበት አለ፤ ድሆችን እንደ ዝቅተኛ ፍጥረት መቍጠርም አለ። እንግዲህ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ሲናቁ ማዘናችን ተገቢ ነው። ነገር ግን በገዛ አገራችን ወንድሙን «ባርያ» ብሎ የሚሰድብ፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ከማዕዱ የሚያርቅ፣ ወይም ሰውን በሚናገረው ቋንቋ ብቻ ጠላት አድርጎ የሚመለከት ያንኑ ኃጢአት በሌላ ስም ይሠራዋል።

2. ማየት፦ ጥላቻ እንዴት ይማራል?

በሩዋንዳና በቡሩንዲ ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ የተባሉት ወገኖች ለብዙ ዘመናት አብረው ኖረዋል። በየአገሩ የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ነው፤ በሩዋንዳ ኪንያርዋንዳ፣ በቡሩንዲ ኪሩንዲ። የሚኖሩት በተመሳሳይ ኮረብታ ላይ ነው፤ ይጋቡም ነበር። በመካከላቸው የሥልጣንና የሀብት ልዩነት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ። ያንን ልዩነት እንደ ሁለት የተለያዩ ዘሮች አድርጎ ያስተማረው ግን ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በዚያ አካባቢ ያሉት ገዢዎች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሌላ ዘር ናቸው የሚል ግምት ጻፈ። ጀርመኖች፣ በኋላም ቤልጅጎች አገሩን ሲገዙ ይህን ግምት እንደ ተረጋገጠ እውቀት ያዙት። በ1930ዎቹ በሩዋንዳ የእያንዳንዱ ሰው ወገን በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። የሚስዮን ትምህርት ቤቶችም ለረጅም ጊዜ ለቱትሲ ባላባቶች ልጆች ቅድሚያ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ልጆች አባታችን ሆይን በተማሩበት ክፍል ውስጥ ማን በላይ ማን በታች እንደሆነም አብረው ተማሩ።

የአገራችን ስም ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘው እንዲህ ነው። ኅዳር ወር በእነርሱ ኖቬምበር በሚባልበት በ1992 ሊዮን ሙገሴራ የተባለ የሩዋንዳ ፖለቲከኛ በአደባባይ ባደረገው ንግግር ቱትሲዎች ወደ አገራቸው ወደ ኢትዮጵያ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል መላክ እንዳለባቸው ተናገረ። ወንዙ ታንኳ የማይሄድበት በመሆኑ የሰማው ሁሉ ምን ማለቱ እንደሆነ ተረዳው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ብዙ ሬሳ በዚያ ወንዝ ወረደ። ሙገሴራ በ2016 በሩዋንዳ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ኢትዮጵያን ምንም ላልበደሉና አይተዋት ለማያውቁ ሰዎች የአገራችን ስም የሞት ምክንያት ሆኖ መጠራቱን ወጣቶቻችን ሊያውቁት ይገባል፤ የዘር ተረት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚዘገይ ያስተምራልና።

ጭፍጨፋው ኤፕሪል 7 ቀን 1994 ተጀመረ። በመቶ ቀናት ያህል ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ቱትሲዎች ሲሆኑ ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም ነበሩባቸው። ከሩዋንዳ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካቶሊክ ነበር። ገዳይና ተገዳይ በአንድ ቁምስና የተጠመቁ፣ ከአንድ መሠዊያ የቈረቡ ነበሩ። በንታራማ፣ በኒያማታና በኒያሩቡዬ ሰዎች መጠለያ ይሆነናል ብለው በገቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ዐለቁ።

መምህራን በተለይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በግድያው ግንባር ቀደም ከነበሩት መካከል «ኢንተርሃምዌ» የተባለው ቡድን አባላት ነበሩ፤ ይህም ከአንድ የፖለቲካ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ የተነሣ ነው። እነዚያ ወጣቶች ሥልጠና አላጡም፤ መዝሙር፣ ስብሰባ፣ መሪና ዓላማ ነበራቸው፤ ሬዲዮም በየቀኑ ያስተምራቸው ነበር። እኛ ያላሠለጠንነውን ወጣት ሌላ እንደሚያሠለጥነው ከዚህ እንረዳለን።

ጭፍጨፋው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1994፣ ስለ አፍሪቃ የተጠራው ልዩ ሲኖዶስ በሮም ተከፈተ። ከጉባኤው አባቶች አንዱ በአፍሪቃ የጎሣ ደም ከጥምቀት ውኃ በላይ እየተቈጠረ መሆኑን በኀዘን ተናግረዋል። በእኛ አገር «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚባለው ተረት ይህንኑ ነገር እንደ ጥበብ አድርጎ ያቀርበዋል። ሲኖዶሱ በበኩሉ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ቤተሰብ መሆኗን ዋና ሐሳቡ አደረገ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1995 ባወጡት «ኤክሌዚያ ኢን አፍሪካ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ አጸኑ።

ቤተ ክርስቲያን የልጆችዋን በደል አልሸሸገችም። የሩዋንዳ ጳጳሳት በ2016 በጭፍጨፋው ስለ ተካፈሉ ካቶሊካውያን ይቅርታ ጠየቁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በማርች 2017 የሩዋንዳን ፕሬዚዳንት በተቀበሉ ጊዜ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አባሎችዋ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ምሕረት ለምነዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ለወጣቶች ስንነግር የሚያሳፍረውን ክፍል ዘለን ማለፍ አይገባንም።

3. እንቢ ያሉት፦ ኒያንጌና ቡታ

በምዕራብ ሩዋንዳ ኒያንጌ የሚባል ቁምስና አለ። ኤፕሪል 16 ቀን 1994 በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ 1,500 ያህል ቱትሲዎች ተጠልለው ሳለ ሕንፃው በቡልዶዘር በላያቸው ላይ ፈረሰ። ቁምስናውን ይመራ የነበረው ካህን በዚህ ወንጀል ተከሶ፣ ለሩዋንዳ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2008 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል።

በዚያው በኒያንጌ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1997 ማታ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የማታ ጥናት ላይ ወደ ነበሩ ተማሪዎች ገቡ። ሁቱዎች በአንድ ወገን፣ ቱትሲዎች በሌላ ወገን እንዲቆሙ አዘዟቸው። ተማሪዎቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው ለመለያየት እንቢ አሉ። ሰዎቹም ተኰሱባቸው፤ ቦምብም ወረወሩባቸው፤ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ ሌሎቹ ቈሰሉ። ሩዋንዳ እነዚህን ተማሪዎች ከብሔራዊ ጀግኖችዋ መካከል ቈጥራቸዋለች። አንድ ካህን መንጋውን አሳልፎ በሰጠበት ቦታ ልጆች ባልንጀሮቻቸውን አሳልፈው አልሰጡም።

ከዚያ ስድስት ሳምንታት ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1997 ንጋት ላይ፣ በደቡብ ቡሩንዲ በቡሩሪ ሀገረ ስብከት በሚገኘው በቡታ ንኡስ ዘርዐ ክህነት ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ቡሩንዲ በዚያን ጊዜ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1972 ከመቶ ሺህ በላይ የሚገመቱ ሁቱዎች በመንግሥት ወታደሮች ተገድለው ነበር፤ በኦክቶበር 1993 በሕዝብ የተመረጡት ሁቱው ፕሬዚዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬ ከተገደሉ በኋላ ደግሞ በየመንደሩ ብዙ ቱትሲዎች ተጨፈጨፉ፤ ሠራዊቱም በበቀል ብዙ ሁቱዎችን ገደለ። ስለዚህ በቡታ ከሚማሩት ልጆች ዘመድ ያልሞተበት ማግኘት አዳጋች ነበር፤ የአንዱን ዘመድ የገደለው ደግሞ የሌላው ወገን ነበር።

ታጣቂዎቹ ወደ ተማሪዎቹ መኝታ ክፍል ገብተው ሁቱና ቱትሲ እንዲለያዩ አዘዙ። ተማሪዎቹ አልተለያዩም። በጥይትና በቦምብ 40 ወጣቶች ተገደሉ፤ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ከሞት የተረፉት እንደ መሰከሩት ከሟቾቹ መካከል ለገዳዮቻቸው ምሕረትን እየለመኑ ያረፉ ነበሩ። መቃብራቸው በዚያው በቡታ ጎን ለጎን ይገኛል፤ ሕዝቡም «የወንድማማችነት ሰማዕታት» ብሎ ይጠራቸዋል። ሰማዕትነታቸው በቤተ ክርስቲያን እንዲታወቅ የሚደረገው ምርመራ በ2019 በሀገረ ስብከቱ ተከፍቷል።

እነዚህ ልጆች እንቢታውን ከየት አገኙት? በጊዜው የዘርዐ ክህነቱ አለቃ የነበሩት አባ ዛካሪ ቡኩሩ በኋላ በጻፉት ምስክርነት እንደሚታየው ነገሩ ለዓመታት ሲዘጋጅ የቆየ ነበር። ከ1993 ጀምሮ ፍርሃትና ጥርጣሬ በተማሪዎቹም መካከል ገብቶ ነበር። መምህራኑ ግን የዘርን ነገር አታንሡ ብለው አልከለከሉም፤ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት፣ በግልጽ እንዲነጋገሩበት አደረጉ። አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይጫወቱ፣ አብረው ይጨፍሩ፣ አብረው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በዚያ ንጋት የተጠየቁት ጥያቄ ለእነርሱ አዲስ አልነበረም፤ በየማዕዳቸውና በየጨዋታቸው ደጋግመው መልሰውታል።

4. መመዘን፦ መጽሐፍ ቅዱስና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምን ይላሉ?

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር፤ የኤፍሬም ሰው ድምፁን አስተካክሎ ሊናገረው ስለማይችል በአነጋገሩ ታውቆ ይታረድ ነበር። በዚያን ጊዜ 42,000 ሰዎች ሞቱ (መሳ. 12፥5-6)። ሁለቱም ወገኖች የያዕቆብ ልጆች፣ አንዱን አምላክ የሚያመልኩ ነበሩ። መጽሐፉ ይህን ሳይሸሽግ የጻፈልን በመንገድ ላይ ሰውን አስቁሞ በቋንቋው መመርመር ምን ያህል የቆየ ክፋት እንደሆነ እንድናውቅ ነው።

በሐዲስ ኪዳን ደግሞ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የወገን ቅሬታ ተነሣ። ግሪክኛ የሚናገሩት በየቀኑ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱብን ብለው አጕረመረሙ (የሐዋ. 6፥1-6)። ሐዋርያት ቅሬታውን «መከፋፈል አታምጡብን» ብለው አላፈኑትም። ጉባኤውን ጠርተው ሰሙት፤ ለሥራውም ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ከእነዚህ አንዱ ፊልጶስ ነበር። ይኸው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ ከኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ላይ ወጥቶ ወንጌልን ሰበከለት፤ አጠመቀውም (የሐዋ. 8፥26-39)። እንግዲህ የተገፉትን ወገን ቅሬታ በእውነት በመስማት የተጀመረው አገልግሎት እስከ አገራችን ሰው ድረስ ደርሷል።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም አንዳንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ አብሮ ተሳበ። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። ጴጥሮስ በዚያ ጊዜ የሐሰት ትምህርት አልተናገረም፤ ያደረገው ከአንድ ገበታ ተነሥቶ ወደ ሌላ መሄድ ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን ይህን ከወንጌል እውነት እንደ መውጣት ቈጠረው። አይሁዳዊና ግሪካዊ፣ ባርያና ጨዋ የሚለው ልዩነት በክርስቶስ እንደ ተሻረ የሚናገረው ታላቁ ትምህርት የሚገኘው በዚሁ መልእክት፣ በቀጣዩ ምዕራፍ መሆኑን እናስተውል (ገላ. 3፥28)።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው ውሳኔው በእግዚአብሔር አርአያ ከተፈጠሩት ሰዎች አንዳንዶቹን እንደ ወንድም ለመቀበል እንቢ የምንል ከሆነ የሁሉ አባት የሆነውን እግዚአብሔርን ልንጠራው እንደማንችል አስተምሯል። በሌላ አነጋገር፣ በዘረኛ አፍ «አባታችን ሆይ» የሚለው ጸሎት ይሰናከላል።

5. ማድረግ፦ በወጣቶች ማኅበር ውስጥ ምን እንሥራ?

በእኛም አገር ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2019 መጨረሻ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች በወገናቸው ምክንያት ተገድለዋል፤ ብዙዎችም ከመኝታ ክፍላቸው ሸሽተው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከእኛ ቁምስና ወጥቶ ወደዚያ የሚሄድ ወጣት ምን ይዞ ይሄዳል? የሚከተሉት አምስት ልምምዶች ለዚህ ይረዳሉ።

ሀ) መቀላቀል። በጥናት፣ በመዘምራን፣ በምግብ ዝግጅትና በጽዳት ጊዜ ወጣቶቹ በሰፈርና በቋንቋ እንዳይቧደኑ በዕጣ ይመደቡ። መምህሩ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥና ማን ብቻውን እንደሚቀር ለጥቂት ሳምንታት ያስተውል። መዝሙሩም በሁሉም ቋንቋ ይሁን፤ የሌላውን ቋንቋ መዝሙር መማር ራሱ ትምህርት ነውና።

ለ) ኀዘንን በሌላው ፊት መናገር። ይህ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ሳይዘጋጁበት አይጀመርም። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ የደረሰውን ብቻ ይናገራል፤ «እናንተ» የሚል ክስ አይሰማም፤ የሟቾች ቍጥር ፉክክር አይደረግም። የሚሰማው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን ደግሞ ይናገራል፤ ተናጋሪውም «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ አይቀጥልም። የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም። ዝም ለማለት የፈለገም አይገደድ። ሐዘኑ የጠናበት ወጣት ሲኖር መምህሩ ብቻውን አይሸከመው፤ ከቆሞሱ ጋር ተማክሮ ወደ ባለሙያ ያድርሰው።

ሐ) ቃልን መመርመር። በአካባቢያችን የሚነገሩትን የስድብ ስሞች፣ ቀልዶችና ተረቶች ወጣቶቹ ራሳቸው ያሰባስቡ፤ እያንዳንዱንም «ይህ ቃል የተነገረበት ሰው እዚህ ቢኖር እንዲህ እንል ነበርን?» በሚል ጥያቄ ይመዝኑት። የእጅ ሙያን የሚንቅ ካለ ጌታችን ጠራቢ ተብሎ መጠራቱን (ማር. 6፥3)፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቶ ያደረ መሆኑን (የሐዋ. 18፥3) ያንብብ። ዛሬ በመካከላችን ቢመጡ ስንቶቻችን ልጃችንን እንድርላቸው ነበር?

መ) ወሬን ማቆም። በሩዋንዳ ሬዲዮ የሠራውን ሥራ ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት እጅ ያለው ስልክ ሊሠራው ይችላል። አንድ ወሬ ወይም ሥዕል ሲደርሰው ሳያስተላልፍ ሦስት ነገሮች ይጠይቅ፦ ያየው ማን ነው? የት እና መቼ ሆነ? ይህን የሚሰማ ሰው ማንን እንዲጠላ ይሆናል? መልስ ካላገኘ እርሱ ዘንድ ያቁመው። የስምንተኛው ትእዛዝ ትምህርት በዚህ ቦታ ይነገር።

ሠ) አብሮ ማገልገል። በዓመት አንድ ቀን ከሚደረግ የአንድነት በዓል ይልቅ በየወሩ የሚደረግ ትንሽ አገልግሎት ይበልጣል። የሌላውን ወገን ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የአቅመ ደካማ ቤት መጠገን፣ ከሌላ ቁምስና ወጣቶች ጋር መጐብኘት ይቻላል። በለቅሶ ቤት አብሮ የተቀመጠ ሰው የዚያን ቤት ልጅ አሳልፎ ለመስጠት ይከብደዋል።

እነዚህ ሁሉ በምሥጢረ ንስሐ ካልተደገፉ ይደክማሉ። ብዙ ወጣት ለኑዛዜ ሲዘጋጅ ስለ ውሸትና ስለ ሥጋ ፈተና ኅሊናውን ይመረምራል፤ ስለ ንቀትና ስለ ወገን ጥላቻ ግን መናዘዝ እንዳለበት አያስብም። መምህራን በኅሊና ምርመራ ጥያቄዎች ውስጥ ይህንን ይጨምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆችና ለመምህራን እንጨምር። ልጅ የሚያወጣው በቤቱ የሰማውን ነው። በቡና ላይ የምንጥለው የንቀት ቃል የሰንበቱን ትምህርት ያፈርሰዋል። የቡታ ተማሪዎች አስተማሪዎቻቸውን ሲመለከቱ ያዩት አንድነት ባይኖር ኖሮ የተነገራቸው ቃል ብቻውን በዚያ ንጋት ባልጸናላቸው ነበር።

6. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ በእኛ ቁምስና ወጣቶች ራሳቸው ሳያውቁት የሚለያዩት በምን ጊዜና በምን ቦታ ነው?

2ኛ/ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከማዕዱ የራቀው ከፍርሃት የተነሣ ነው። እኛ ከሌላው ወገን ጋር እንዳንታይ የሚያስፈራን ማን ነው?

3ኛ/ ሐዋርያት የግሪክኛ ተናጋሪዎችን ቅሬታ እንደ ሰሙ፣ በቁምስናችን ያልተሰማ የማን ቅሬታ አለ?

4ኛ/ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት ለተጠመቀ ሰው እንዴት እንመልስለታለን?

5ኛ/ በኒያንጌ በ1994 እና በ1997 የሆኑትን ሁለት ነገሮች አነጻጽሩ። ሹመትና እውቀት ያልጠበቁትን፣ ልጆቹ የጠበቁት ለምንድን ነው?

6ኛ/ ማኅበራችን ከአምስቱ ልምምዶች በዚህ ሩብ ዓመት የትኛውን ይጀምራል? ማንስ ይመራዋል?

የመዝጊያ ጸሎት

አባት ሆይ፣ ከአንድ አፈር ሠርተህ በአንድ ውኃ ወለድኸን። በመካከላችን የተረሳ ቢኖር አሳስበን፤ የናቅነው ቢኖር ወደ ማዕዳችን መልሰው። የቡታና የኒያንጌ ልጆች የጸኑበትን ጽናት ለልጆቻችን ስጣቸው፤ እኛንም እንዲህ ያለ ፈተና ሳይመጣ በየዕለቱ በትንሹ ነገር አለማምደን። በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ወንድሙን በአነጋገሩ ከመረመረው ሰው ሥራ ጠብቀን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ አሜን።